የአጣቢዋ ጎላ

ዓለም ለሁለተኛ ጊዜ በእሳት በተያያዘች በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሰፈር አንድ አዋጅ ነጋሪ ከበሮውን እየደለቀ ወረደ፤ ከኋላው ሁለት በቅሎ የሚጎትቱት ጋሪ፣ ከጋሪው ኋላ የብረት አሰባሰብ ኃላፊ የሆኑት ሻለቃ፣ ከሻለቃውም ኋላ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተከተለ። አዋጁም እንዲህ ይል ነበር፦ «በየቤቱ ያለ ብረት፣ ድስትም ቢሆን መጥበሻ፣ አልጋም ቢሆን የአጥር ዘንግ፣ ለጦር ግንባር ይሰጥ! ብረት የደበቀ ጠላት እንደ ደበቀ ይቆጠራል!» በሮች ግን አልተከፈቱም። እንዲያውም የሰፈሩ ሴቶች ድስታቸውን አልጋ ሥር ከትተው፣ አልጋው ላይ አማቶቻቸውን አስተኝተው «ታመውብናል» አሉ፤ በዚያ ከተማ ታሪክ ያን ያህል አማት በአንድ ጧት ታሞ አያውቅም።

ጋሪው ባዶውን ተመለሰ።

በዚያ ሰፈር መጨረሻ፣ የባቡሩ ሃዲድ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ቁርጥራጭ ብረት እየለቀመ የሚኖር አንድ ቁራሌ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሲሠራም ሲያወራም ድምፅ ስለማይለየው ሰዉ ሁሉ ቃጭል ይለው ነበር። ያገኘውን ብረት በመዶሻው ጫፍ ነካ አድርጎ ጆሮውን ዘንበል ያደርግና፣ «ይሄ ንጹሕ ነው፤ ይሄ ሆዱ ውስጥ ስንጥቅ አለበት፤ ይሄ ደግሞ ባሏ የኮበለለባት ሴት መጥበሻ ነው» ይላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስቶ አያውቅም፤ ሦስተኛውን ማንም ሊያጣራበት አይችልም። ስለ ሟች አባቱ ሲያወራ፣ «አንጥረኛ ነበር፤ አንድ ቀን አስነጠሰውና ወናፉ ሳይነካ ምድጃው ሦስት ቀን ነደደ» ብሎ ነበር፤ የሰማው ሁሉ ሳቀ፤ ግማሹ ግን ቤቱ ሄዶ ለልጆቹ እንደ እውነት ነገራቸው።

ይህ ቃጭል በስድስት ዓመት የምትበልጠው እህት ነበረችው፤ ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባት፣ አንድ ልጇን በልብስ አጠባ ያሳደገች ሴት ናት። መተዳደሪያዋ አንድ ጎላ ነበር፤ አባታቸው በሠርጓ ዋዜማ ከአሮጌ መርከብ የእንፋሎት ጋን ወፍራም ብረት ቆርጦ የሠራላት፣ ሁለት ሰው ካልሆነ የማይነሣ፣ የሆስፒታሉ አንሶላ ሁሉ የሚቀቀልበት። አባትየው ሲሰጣት፣ «ልጄ፣ ድምፁን ሳትሰሚ እሳት አታንድጂበት፤ የተሰነጠቀ ጎላ ድዳ ነው፤ ፈልቶ ይፈነዳብሻል» ብሏት ነበርና፣ ሁልጊዜ ጧት እንጨቱን ከመለኮሷ በፊት በልብስ ማማሰያ ዱላዋ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ትመታዋለች። ጎላውም ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ ከፍ የሚል ድምፅ ይመልስላታል። ሰፈሩ በዚያ ድምፅ ነበር ከእንቅልፉ የሚነሣው።

ጋሪው ባዶውን በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ሻለቃው ቃጭልን አስጠሩት። ቢሯቸው ሰፊ፣ ጠረጴዛቸው ባዶ፣ ፊታቸው ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ነበር።

«ቃጭል የሚሉህ አንተ ነህ?»

«እንደ አጠራርዎ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ሕዝቡ ይሰማሃል ይላሉ።»

«ይሰማኛል ጌታዬ፤ አያምነኝም እንጂ።»

«ማመኑን ተወው። በሩን ከከፈተ ይበቃናል።»

ቃጭል ቆቡን በእጁ አዟዟረ፤ የሙያ ሰው ነውና አንድ ነገር ከነከነው። «ክቡር ሻለቃ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልናገር። ጣሳው ሁሉ ቆርቆሮ የተለበጠ ነው፤ ድስቱ የነጭ ቀለም ልባጥ አለው፤ መዳብም አይጠፋበትም። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ከቀለጠ፣ ብረቱ በጋለ ጊዜ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። አንድ በአንድ መለየት አለበት፤ ለመለየት ደግሞ እንደ እኔ ያሉ አሥር ሰዎች አንድ ዓመት ያስፈልጋቸዋል።»

ሻለቃው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ስማኝ፣ በጭንቅ ጊዜ ሕዝብ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ጥያቄ ያበዛል፤ የሰጠ ሰው ግን አይጠይቅም፤ የሰጠው እንዳይባክንበት እርሱ ራሱ ይከላከልልናል። አንተ አሰጣቸው፤ ማቅለጡ የእኔ ነው» አሉት።

ቃጭል ይህ ንግግር ውስጡ ስንጥቅ እንዳለበት ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን ዕድሜውን በሙሉ «ቀጣፊ» ሲባል የኖረ ሰው፣ አንድ ጊዜ ቀጣፊነቱ ለመንግሥት ሥራ ሲፈለግ ምን ይላል? እጅ ነሥቶ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ነበር፤ እርሷን ያሳመነ ሰፈሩን አሳመነ ማለት ነው። ትልቁን የዳቦ ትሪዋን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ቃጭል፣ ትሪዬን ወስደህ በምን ልጋግር? በምላስህ ላይ?»

«በምላሴ ላይማ ያርርብሻል፣ እቴ።»

«ሂድ ከዚህ!»

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ያ ነገር ከአፉ የወጣው። ቦርሳው ውስጥ ብረት ላይ ቁጥር የሚመታበት መምቻ ነበረው፤ አወጣና አሳያት። «ስሚ እንጂ። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይመታበታል፤ ላንቺም ቁጥሩ በወረቀት ይሰጥሻል። ጦርነቱ ሲያልቅ ትሪሽ በቁጥሩ ተፈልጎ ይመለሳል። ቀልጦም እንደሆነ ቁጥርሽ ከሆነው ነገር ላይ አይጠፋም፤ መርከብ ቢሆን በመርከቡ ላይ፣ ጥይት ቢሆን በጥይቱ ላይ።»

«ማልልኝ!»

«ካልተመለሰልሽ እኔን አንሥተሽ ምድጃሽ ውስጥ ጨምሪኝ።»

ትሪው ተሰጠ። ቃጭል ይህን ነገር አላሰበበትም፤ ዝም ብሎ የመጣለትን ነው የተናገረው፤ ከአፍ ከወጣ ግን አፋፍ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሰፈሩ አማት ሁሉ ዳነ፤ ድስት፣ መጥበሻ፣ ካውያ፣ የአልጋ ሽቦ፣ የመስኮት ዘንግ እየወጣ፣ ቁጥር እየተመታበት ተጫነ። ቃጭልም በየሳምንቱ የዕቃዎቹን ወሬ ያመጣ ነበር፦ የዳቦ ጋጋሪዋ ትሪ የጦር መርከብ ደረት ሆኗል፤ የጠላት ቦምብ ሲመጣ የዳቦ ሽታ ሸትቶት ራቡ ስለተነሣበት ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሷል። የጡረተኛዋ መምህርት ማንቆርቆሪያ በአውሮፕላን አፍንጫ ላይ ተገጥሟል፤ ሰማይ ላይ እንደ ዱሮው ያፏጫል፤ የጠላት ወታደሮችም ውሃ የፈላ እየመሰላቸው ኩባያ ይዘው ከምሽግ ይወጣሉ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፤ እየሳቀም ይሰጥ ነበር። መምህርቷ እንኳ፣ የተማረች ሴት፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጆሮዋን ታቆም ጀመር።

አንድ ቤት ብቻ ሳይሰጥ ቀረ። ሻለቃውም፣ «የገዛ እህትህ ጎላ በግቢዋ እየጨሰ አንተ የሰው ድስት ትለቅማለህ?» አሉት።

እህቱ አንሶላ ስታሰጣ አገኛት።

«እትዬ።»

«አትጀምረኝ። የመጣህበትን አውቃለሁ፤ ቁጥር መምቻህን ውጭ አስቀምጠህ ግባ።»

«የሻለቃው ትእዛዝ ነው።»

«ሻለቃውን ሸሚዛቸውን ማን እንደሚያጥብላቸው ጠይቃቸው።»

«ሰው እያማኝ ነው፣ እትዬ። ʻየእህቱን ትቶ የእኛን ይለቅማልʼ ይላሉ።»

«ይበሉ። ድስት የሰጠ ሰው በጣሳም ቀቅሎ ይበላል፤ እኔ ይህን ከሰጠሁ የምበላው የለኝም።» የተጨመቀ አንሶላ አራገፈችና ጠብታው ፊቱ ላይ ተረጨ። «ደግሞ ለእኔ ተረትህን አታምጣ። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል። ሌላ ሰው አይሰማውም፤ እኔ ግን እሰማዋለሁ።»

እውነቷን ነበር። ቃጭል በዚያች ሰዓት ተነሥቶ መሄድ ነበረበት። ነገር ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ዓይኑ በመስኮቱ ደፍ ላይ በተቀመጠው ደብዳቤ ላይ አረፈ። ልጇ ከግንባር የላከው ነው፤ ማንበብ ስለማትችል ያነበበላትም ቃጭል ነበር። «የብረት ቆብ ለፊተኞቹ ብቻ ነው የደረሰው፤ እኛ የጨርቅ ቆብ ነው ያደረግነው» ይላል ከመሐሉ።

«እትዬ፣ ልጃችን ራሱ ባዶ ነው።»

እጇ ላይ ያለው አንሶላ ቆመ።

«ከዚህ ጎላ ስንት ቆብ የሚወጣ ይመስልሻል? ሃያ። የመርከብ ብረት እኮ ነው፣ ጥይት ቀርቶ መብረቅ አይበሳው። ከሻለቃው ጋር ተነጋግሬበታለሁ፤ ከሃያው አንዱ የእርሱ ነው፤ ቁጥርሽ ከውስጥ በኩል፣ ከግንባሩ በላይ ይመታል።»

ድምፁ እንደ ቀጠነ እርሱ ራሱ ሰማው። እርሷ ግን ያን ቀን አልሰማችም፤ ወይም የሰማች ሴት የምታደርገውን አላደረገችም።

«ማልልኝ።»

«አንቺ ትሙቺ...»

«በእኔ ሞት አይደለም፤ እሱን ስንቴ በልተኸዋል። በአባባ መዶሻ ማልልኝ።»

ከአባቱ በወረሰው በዚያ መዶሻ አንድም ቀን በሐሰት ምሎ አያውቅም ነበር፤ ማለ። እህቱ ዱላዋን አነሣችና ጠርዙን ሦስት ጊዜ መታች፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆመች፤ ከዚያ «ምታበት» አለችው። ከጎላው ጆሮ ሥር አራት መቶ አሥራ ሰባት የሚል ቁጥር መታበት። ወደ ጋሪው ሲሸከሙትም አንደኛውን ጆሮ የያዘችው እርሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያሉት የብርድ ወራት ለአጣቢዋ ክፉ ነበሩ። ሆስፒታሉ ያልተቀቀለ አንሶላ አንቀበልም አለ፤ እርሷም የሰፈር ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እያሸች፣ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው ደም እየተፉ ከረመች። በሁለተኛው ወር ደብዳቤ መጣ፤ «የብረት ቆብ ደርሶናል» የሚል መስመር ነበረበት። ነገሩ የዕድል ጉዳይ ነው፤ ከሌላ አገር፣ ከሌላ ማቅለጫ የመጣ ቆብ ነው። እህቱ ግን ቀጥ ብላ ተቀመጠችና፣ «ስለ ቁጥሩስ ምን ይላል?» አለች።

ደብዳቤው ስለ ቁጥር የሚለው ነገር አልነበረም። ቃጭል ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ያልተጻፈውን አነበበላት፦ «ʻእማዬ፣ ከውስጡ አራት መቶ አሥራ ሰባት የሚል ቁጥር አለውʼ ይላል።» እህቱ የተሰነጠቁ እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ከትታ ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ በውሸቱ ያፈረው ያን ቀን ነው ይባላል።

ልጇ በሚያዝያ ሞተ። የሞቱን ወረቀት ያነበበላት ያው ቃጭል ነው፤ ወረቀቱም የሟቹን መለያና ቀኑን እንጂ ሌላ የሚለው አልነበረም። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እርሷ ወደ ወንድሟ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ራሱን ነው የመታው?» አለችው።

«አይደለም፣ እትዬ። ደረቱን ነው።»

«ቆቡ በራሱ ላይ ነበረ?»

«ነበረ።»

«እንግዲያው የኔ ብረት እስከ መጨረሻው አልተለየውም» አለች፤ ከዚያም ተነሥታ ሰዉን ማስተናገድ ጀመረች። ያቺን አንዲት ነገር ይዛ ቆመች። በየእሑዱ ሲጠይቃት፣ ሻይ ትቀዳለትና «እስቲ የቆቡን ንገረኝ» ትለዋለች፤ እርሱም ቆቡ ስንት ጥይት እንዳነጠረ፣ ዝናብ ሲመታው እንዴት እንደ ጎላው እንደ ጮኸ ይነግራታል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚል ሰው፣ አንድ ውሸት ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ተሸክሞ አያውቅም።

ጦርነቱ አለቀ። ከተማውም ለድሉ የድንጋይ ሐውልት ይቁም ብሎ ወሰነ፤ ለዚያም ከባቡር ጣቢያው በስተኋላ፣ ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው የድንጋይ ካባ ተከፈተ። በሦስተኛው ቀን የድንጋይ ፈላጮቹ አለቃ ወደ ቃጭል ቤት መጣ።

«ቃጭል፣ አንተን የሚያስደስት ነገር አግኝተናል። ከአፈሩ ሥር አንድ ተራራ ብረት ተቀብሯል፤ ድንጋይ እንዳናወጣ ከለከለን። ናና አንሣልን።»

ሄደ። ከቋጥኙ ሥር ሰፈሩ በሙሉ ተጋድሞ ነበር፦ አልጋው ከመጥበሻው፣ መጥበሻው ከመስኮት ዘንጉ ጋር በዝገት ተጣብቆ፣ የዝናብ ቀይ እንባ ደርቆበት። ለካ ያ ሁሉ ጋሪ የጫነው፣ ያ ሁሉ ፉርጎ በፉጨት ይዞት የሄደው፣ ከሃዲዱ መታጠፊያ ወዲያ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ እንኳ አልሄደም ነበር። ማቅለጫው «የተደባለቀ ነው፣ አንቀበልም» ብሎ መልሶት፣ ሻለቃው ሕዝብ እንዳያይ እዚያ አስደፍተው አፈር አልብሰውታል፤ ራሳቸውም ዕድገት አግኝተው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረዋል። ቁጥሮቹ ግን፣ ወገኖቼ፣ ቁጥሮቹ ጥልቅ ተመትተው ስለነበር በዝገቱ ውስጥ አንድ በአንድ ይነበባሉ።

ቃጭል አንድ ነገር ብቻ አሰበ፤ ነገ ይህ ወሬ ሰፈር ይደርሳል፤ እህቱም ወረቀቷን ይዛ ትመጣለች። ለፈላጮቹ «ምሳችሁን ብሉ፣ እኔ ልይ» አለና በዚያ ቀጥ ያለ ፀሐይ መዶሻውን ይዞ ክምሩ ላይ ወጣ። ዓይኑን አላመነም፤ እየመታ በጆሮው ሄደ፤ ድዳ፣ ድዳ፣ ድዳ፤ ከዚያ ከሁለት አልጋዎች ሥር ያ ረጅም ድምፅ፣ ተሸፍኖ እንዳለ ሰው ጉሮሮ ታፍኖ፣ መለሰለት። በአልጋ ዘንግ ፈንቅሎ በእጅ ጋሪው ላይ አንከባለለው፤ በጆንያ ሸፍኖም ከቤቱ ጓሮ ከተተው።

በማግስቱ ካባው በሴቶች ተሞላ። የወረቀታቸውን ቁጥር እየጠሩ፣ ዝገቱን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ይፈልጉ ነበር፤ በዓለም ላይ ስንት ቃል ተገብቷል፤ እንደዚያን ቀን በትክክል የተፈጸመ ቃል ግን የለም፤ እያንዳንዷ ዕቃዋን በቁጥሩ አገኘች። መምህርቷ ወገቡ የተበላ ማንቆርቆሪያዋን ከፍ አደረገች።

«ቃጭል፣ ይሄ ነው ሰማይ ላይ ሲያፏጭ የነበረው? እስቲ አሁን አስፏጨው!»

«መርከቤስ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፤ ትሪው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። «መርከቤ ይኸውና! ባሕሩ የት አለ? ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራዬን ያጣሁት ለዚህ ነው? ጠኔ ለያዘው ቦምብ?» ከትሪው ላይ የረገፈውን ዝገት በእፍኟ አፍሳ በራሱ ላይ አፈሰሰችው። አልጠረገውም።

እህቱ ከሁሉ ኋላ መጣች። ወረቀቷን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ፣ ክምሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ የእያንዳንዱን ትልቅ ብረት ሆድ አየች። ከዚያ መጥታ ከመሐላቸው ቆመች፤ ፊቷ ላይ የነበረውን ብርሃን ቃጭል ዕድሜውን ሙሉ ከዓይኑ ሊያጠፋው አልቻለም።

«የሁላችሁም አለ» አለች። «የኔ የለም። የኔ ሄዷል።»

«እህቱ አይደለሽ! ያንቺን ለይቶ ላከልሽ፤ የእኛን ለዝናብ ሰጠ!» አሉ ሴቶቹ።

«ወንድሜ ቀጣፊ ነው፤ ይህን ከእናንተ በፊት እኔ አውቀዋለሁ» አለቻቸው። «ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እውነቱን ነግሮኛል። አትንኩት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ ሰላምታ ነሣት። እርሷ ግን ቀና ብላ ትሄድ ነበር።

አሁን ቃጭል ማድረግ ያለበት አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ ያን ጎላ ወንዝ ውስጥ መጣል። ሞክሯል። በቀትር፣ ሰዉ ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ፣ ጋሪውን እስከ ድልድዩ መሐል ገፋ፤ ጋሪውን አዘንብሎ ጎላውን ከድልድዩ ጠርዝ አስደገፈ። ግን ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነውና፣ ከመግፋቱ በፊት በመዶሻው ነካ አደረገው። ታቹ ሞቷል፤ ጎኑና ጠርዙ ግን ሕይወት አለው፤ ከሦስቱ ሁለት እጁ ደህና ብረት ነው፣ የመርከብ ብረት፣ የአባቱ መዶሻ ያረፈበት። የእህቱም ጣቶች ትዝ አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ገፍቶት ይሄድ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ቢሆን፣ ጸሐፊ ቢሆን ገፍቶት ይገላገል ነበር። ቁራሌ ግን ደህና ብረት አይጥልም። ሙያው ሁሉን ሲያስተምረው መጣልን ብቻ አላስተማረውም።

ይዞት ተመለሰ። ዐሥራ አንድ ቀን ሠራው። የተበላውን ታች ቆርጦ ከሞተ የባቡር ጋን ባገኘው ብረት ለወጠው፤ ቁጥሩን በሞረድ ፋቀው፤ ጆሮዎቹን አውልቆ የሌላ ዕቃ ጆሮ ገጠመለት፤ በተቃጠለ ዘይት አጥቁሮ አዲስ አስመሰለው። ሲጨርስ ከአባቱ በቀር ማንም በዓይኑ አያውቀውም፤ አባቱ ደግሞ ሞቷል።

ቅዳሜ ጧት ወሰደላት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጎላ ነዋ፣ እትዬ! ከባቡሩ መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ያረጀ ባቡር ነበረ፤ ነጂው አርባ ዓመት ነድቶት፣ ሲገነጣጥሉት እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ʻእባካችሁ ሆዱን እንኳ ለሚያሞቅ ሰው ስጡትʼ ብሎ ለመነ። እኔም ʻአንዲት እህት አለችኝʼ አልኩት። ይኸው፣ ውሃ ስትጨምሪበት መፉጨት ከጀመረ አትደንግጪ፤ ጣቢያ የደረሰ መስሎት ነው።»

እህቱ ሳቀች። ከልጇ ሞት ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። በተሰነጠቁ እጆቿ ዙሪያውን ዳበሰችው፤ «አንተ መቼም፣ የናቴ ልጅ፣ አፍህ ባያርፍም እጅህ ይባረክ» አለችው። ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ እንጨቱን ሰደረች፤ ክብሪቱን አነሣች። ከዚያ አባቷ ያላት ነገር ትዝ አላትና ክብሪቱን መልሳ አስቀመጠች፤ ከግድግዳው ላይ ያን አሮጌ ዱላ አወረደች።

ለቃጭል ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ዓይን የሚያየውን ሁሉ ለውጦ ነበር፤ ለጆሮ ግን ምንም አላደረገም። ከብረት ሁሉ ብረትን በድምፁ የሚለይ ሰው፣ ሌላም ሰው እንደ እርሱ እንደሚሰማ ረስቶ ነበር።

ሦስት ጊዜ መታችው።

ድምፁ በግቢው ላይ ተዘርግቶ ሄደ፤ ታቹ አዲስ ስለሆነ ትንሽ ወፍሯል፤ መጨረሻው ላይ ግን ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ከአጥሩ ማዶ የዳቦ ጋጋሪዋ መስኮት ተከፈተና ተዘጋ። እህቱ ዱላውን እንደ ያዘች ቆመች፤ ድምፁ ጠፋ፤ እርሷ አሁንም ቆማለች። ቃጭል አፉን ከፈተ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልወጣም።

ጎንበስ አለችና በአውራ ጣቷ ከጆሮው ሥር ያለውን ቦታ ዳበሰች፤ ሞረዱ የፋቀው ለስላሳ ነበር፤ ቁጥር አልነበረበትም። ቀና ስትል ፊቷ እንደ ሌላ ሰው ፊት ነበር፤ አልተቆጣችም፤ ያረጀች ብቻ ነበር የምትመስለው።

«አንተ ቁራሌ ነህ» አለችው። «ደህና ብረት መጣል አትችልም። ምነው አንድ ቀን ብቻ፣ ይህን አንድ ቀን ብቻ ብትችል ኖሮ።»

ከዚያም «ውሃ አምጣልኝ፤ የሰው ልብስ እየጠበቀኝ ነው» አለችው።

አመጣላት። በማግስቱ እሑድ እንደ ልማዱ ሄደ፤ ሻይ ቀዳችለት፤ ስለ ቆቡ ግን አልጠየቀችውም፤ እስክትሞት ድረስም አልጠየቀችውም። ሆስፒታሉ አንሶላውን መለሰላት፤ በዚያ ጎላ አሥራ አራት ዓመት አጠበች። ዱላዋን ግን ዳግመኛ ጠርዙ ላይ አላሳረፈችም፤ ጎረቤቱ «ተሰንጥቆ ቢፈነዳብሽስ?» ሲላት «ይፈንዳ» ትል ነበር። ቃጭልም ብረት መልቀሙን አልተወም፤ ተረቱን ግን ተወው፤ ለሰላምታ እንኳ ሁለት ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ያደጉት ልጆችም ለምን ቃጭል እንደ ተባለ አያውቁም ነበር።

ሐውልቱ ዛሬም አደባባዩ ላይ ቆሟል፤ ከዚያው ካባ በወጣ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ በፊቱም «ሕዝቡ ብረቱን ሰጠ፤ ብረቱም ድልን ሰጠ» የሚል ተቀርጾበታል። በከተማው መዝገብ ውስጥ የተሰበሰበው ብረት ብዛት፣ የሻለቃው ስምና ያገኙት ኒሻን በጥሩ እጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ግን አይነጋለትም። ያቺ በመሐረብ የተጠቀለለች ወረቀት የት እንደ ደረሰች የጻፈ የለም። ጎላው ግን እህቱ ከሞተች በኋላ ወደ ቃጭል ቤት ተመለሰ፤ እርሱም ከሞተ በኋላ አዲስ ትውልድ ቁራሌዎች ከቤቱ ዕቃ ጋር ሲጭኑት አንደኛው በመዶሻው ነካ አድርጎ፣ «ደህና ብረት ነው» አለ፤ ወስደው አቀለጡት።